የምንወደው ተከታታይ ለምን ይሸነፋል? የኤሚ ድምፅ አሰጣጥ ሲብራራ

በሴፕቴምበር 2025 በተካሄደው 77ኛው ኤሚ፣ ማለትም የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ላይ፣ «ሰቨራንስ» የተባለው ድራማ የመጣው 27 እጩነት ይዞ ነው። በዚያ ዓመት ከእሱ በላይ የታጨ አልነበረም። የዓመቱ ምርጥ ድራማ ሲጠራ ግን ወደ መድረክ የወጡት የ«ዘ ፒት» ሰዎች ናቸው። «ዘ ፒት» በፒትስበርግ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ነው። ገና የመጀመሪያ ሲዝኑ ነበር።

የዚያን ሌሊት የ«ሰቨራንስ» ወዳጆች ምን እንዳሉ መገመት አይከብድም። «ተዘረፍን!» «ዳኞቹ ግን አይተውታል?» «ሁሉም የተስማሙበት ነው!» በየዓመቱ ይኸው ነው። የሚጮኸው ወገን ይቀያየራል እንጂ ጩኸቱ አይለወጥም።

ይህን ስሜት አላናንቀውም። «ሰቨራንስ» ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ አስጠብቆናል። ያን ያህል የጠበቁት ነገር ሲሸነፍ ማዘን ያለ ነው። ነገር ግን ንዴታችን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሌለ ሰው ላይ ነው። «ዳኞቹ» እንላለን። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ ተስማምተው የሚወስኑ ሰዎች ያሉ ይመስለናል። እንዲህ ያሉ ዳኞች የሉም። ያለው ምርጫ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየብቻቸው የሚሰጡት ድምፅ። የምርጫውን ሕግ ያወቀ ሰው ደግሞ አብዛኛውን «አስደንጋጭ» ውጤት ማንበብ ይችላል። የትኛው ቅሬታ እውነተኛ እንደሆነም ይለያል።

(ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኤሚን የሚሰጠው ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚገኘው የቴሌቪዥን አካዳሚ ነው። አካዳሚው በ1946 ተመሠረተ። የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው በጃንዋሪ 1949 ነው። ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ አባላት አሉት፤ ሁሉም የቴሌቪዥን ሥራ ባለሙያዎች ናቸው። ተዋንያን፣ ደራሲዎች፣ ዳይሬክተሮች፣ ካሜራ ሠሪዎች፣ ኤዲተሮች፣ የልብስና የሜካፕ ባለሙያዎች፣ የድምፅ ሠራተኞች፣ ፕሮዲውሰሮች። የቀንና የዜና ፕሮግራሞች ኤሚ ለብቻው አለ፣ ዓለም አቀፍ ኤሚም አለ። እኔ የማወራው ስለ ትልቁ፣ በየመስከረሙ ስለምንጯጯህበት የምሽቱ ኤሚ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በሁሉም ነገር ላይ ድምፅ አይሰጡም። ተዋናይን የሚመርጠው ተዋናይ ነው። ዳይሬክተርን ዳይሬክተሮች፣ ደራሲን ደራሲዎች ይመርጣሉ። ምርጥ ድራማ፣ ምርጥ ኮሜዲ፣ ምርጥ አጭር ተከታታይ የሚባሉት ትልልቆቹ ሽልማቶች ላይ ግን ሁሉም አባል ይሳተፋል። ስለዚህ በአንድ ምሽት የምናየው የአንድ ቡድን ፍርድ አይደለም። ብዙ ትናንሽ ምርጫዎች አንድ መድረክ ላይ ተሰብስበው ነው የምናያቸው።

የ2025ን ድራማ እንይ። ምርጥ ድራማ «ዘ ፒት» ሆነ። ምርጥ የድራማ ዳይሬክተር የተባለው ግን የ«ስሎው ሆርስስ»ን አንድ ክፍል ያዘጋጀው አዳም ራንዳል ነው። ምርጥ ድርሰት ደግሞ ለ«አንዶር» ደራሲ ለዳን ጊልሮይ ሄደ። ሦስት ሽልማት፣ ሦስት የተለያዩ ተከታታዮች። «ምርጡ ድራማ በደንብ አልተጻፈም፣ በደንብም አልተዘጋጀም ማለት ነው?» ብሎ መናደድ ይቻላል። መልሱ ቀላል ነው፤ የጠየቅናቸው ሰዎች የተለያዩ ናቸው። ደራሲዎቹ የአንድን ክፍል ጽሑፍ ነው የመዘኑት። የድርሰትና የዳይሬክቲንግ ሽልማት የሚሰጠው ለአንድ ክፍል እንጂ ለሙሉ ሲዝን አይደለም። የሙሉ ሲዝኑን ድምፅ የሰጡት ደግሞ ሜካፕ አርቲስቱም፣ የድምፅ ባለሙያዋም፣ ሁሉም ናቸው።

እኔ በግሌ ይህን መከፋፈል እወደዋለሁ። አንድ ተከታታይ ሁሉን ጠራርጎ ሲወስድ የሌሎቹ ጥሩ ሥራ አይታይም። በ2020 «ሺትስ ክሪክ» ሰባቱንም ዋና ዋና የኮሜዲ ሽልማቶች ወሰደ። ለወዳጆቹ ጣፋጭ ምሽት ነበር። ለሌላው ኮሜዲ ወዳጅ ግን ቴሌቪዥኑን የሚያስዘጋ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በመጨረሻው ዙር እያንዳንዱ መራጭ ከእጩዎቹ አንዱን ብቻ ይመርጣል። ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። በቃ። ከግማሽ በላይ ማግኘት አያስፈልግም። ሁለተኛ ምርጫ የሚባል ነገርም የለም።

ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በቁጥር እንየው። ስምንት ድራማዎች ታጩ እንበል። ድምፅ የሰጡት 1,000 ሰዎች ናቸው እንበል። አንደኛው 190 ድምፅ አገኘ፤ ሁለተኛው 180። የቀሩት ስድስቱ እያንዳንዳቸው 105 አገኙ። አሸናፊው 190 ያገኘው ነው። ከ1,000 ሰው ውስጥ 810ሩ ሌላ ነው የመረጡት! በማግስቱ ጋዜጣው «ሆሊውድ እከሌን መረጠ» ብሎ ይጽፋል። ሆሊውድ ግን አልመረጠውም፤ ተከፋፍሎ ነው እሱ ከፊት የወጣው። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው። እውነተኛውን ቁጥር አካዳሚው ይፋ አያደርግም።

ድምፅ የመከፋፈል ነገር ይበልጥ የሚታየው በተዋንያን ምድብ ነው። በ2025 ለምርጥ የድራማ ረዳት ተዋናይት ሰባት ሴቶች ታጩ። ከሰባቱ አራቱ ከአንድ ተከታታይ፣ ከ«ዘ ዋይት ሎተስ» ናቸው፤ ካሪ ኩን፣ ፓርከር ፖዚ፣ ናታሻ ሮትዌል እና ኤሚ ሉ ውድ። «ዘ ዋይት ሎተስ»ን የወደደ መራጭ ከአራት አንዷን መምረጥ ነበረበት። ያሸነፈችው ከ«ዘ ፒት» ብቻዋን የታጨችው ካትሪን ላናሳ ናት። ላናሳ ደክማ የማትዝል ኃላፊ ነርስ ሆና ነው የምትተውነው። በእኔ ዓይን ይገባታል። ግን አራቱ ተዋንያን እርስ በርስ ድምፅ ባይሻሙ ኖሮ ነገሩ ይከብዳት እንደነበር መገመት ይቻላል።

ይህን ያነበበ ሰው ወዲያው ሕግ ሊያደርገው ይችላል። «ከአንድ ተከታታይ ብዙ ከታጩ ይሸነፋሉ» ብሎ። እንደዚያ አይደለም። በ75ኛው ኤሚ ለምርጥ የድራማ ረዳት ተዋናይ ስምንት ወንዶች ታጭተው ነበር። አራቱ ከ«ሰክሴሽን»፣ አራቱ ከ«ዘ ዋይት ሎተስ» ናቸው። ሌላ ማንም አልነበረም። ያሸነፈው ከ«ሰክሴሽን» ማቲው ማክፋድየን ነው። በ2025ም ከ«ሰቨራንስ» ሦስት ወንዶች በረዳት ተዋናይነት ታጭተው ከመካከላቸው ትራሜል ቲልማን አሸንፏል። አንዱ ከጓደኞቹ መካከል ጎልቶ ከወጣ ድምፁ እሱ ላይ ይሰበሰባል። እኩል የተወደዱ ሲሆኑ ነው የሚበተነው።

ስለ ቲልማን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። በዚህ ምድብ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ እሱ ነው። በ2025! ቪዮላ ዴቪስ በዋና ተዋናይት የድራማ ምድብ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆነችው ደግሞ በ2015 ነው። ሽልማቱ ከ1949 ጀምሮ ነበር። ባለሙያ ባለሙያን ይመርጣል ማለት በጎ ነገር ነው። ግን ባለሙያዎቹ ማንን እንደሚያውቁ፣ ማንን ለምን ዓይነት ሥራ እንደሚቀጥሩ ጭምር ሽልማቱ ላይ ይንጸባረቃል። ያልተሰጠ ሚና አይሸለምም።

አንድ ስም ብቻ የመምረጡ ሕግ ጥሩ ጎንም አለው፤ ትንሹን ያሳልፋል። በዚያው ምሽት ለኮሜዲ ረዳት ተዋናይ ከታጩት መካከል ዝነኛው የፊልም ኮከብ ሃሪሰን ፎርድ ነበረ። ያሸነፈው ግን ጄፍ ሂለር ነው። የተወነበት «ሰምባዲ ሰምዌር» ብዙ ሰው ያላየው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ልብ የሚነካ ኮሜዲ ነው። ሂለር ስሙ ሲጠራ የሆነውን ሁኔታ አይቶ ያልተደሰተ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለዓመታት በጥቃቅን ሚናዎች የኖረ ተዋናይ ነው። መራጮቹም ተዋንያን ናቸው። አብዛኞቹ እንደ ሃሪሰን ፎርድ ሳይሆን እንደ ሂለር ነው የሚኖሩት። ያን ምሽት ራሳቸውን የመረጡ መስሎኛል።

ሌላው ደጋግሞ የሚያጣላን የቀን መቁጠሪያው ነው። ለኤሚ የሚወዳደረው ከጁን 1 እስከ በቀጣዩ ዓመት ሜይ 31 የታየ ሥራ ነው። እጩዎች በጁላይ ይታወቃሉ፤ የመጨረሻው ድምፅ በኦገስት ይሰጣል፤ ሽልማቱ በሴፕቴምበር ነው። በጁን የወጣ ተከታታይ ስሙ መድረክ ላይ እስኪጠራ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል።

በአንድ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ የሚካሄደው «ዘ ቤር» የዚህ ሁሉ ግርግር ምሳሌ ነው። ሦስቱም የመጀመሪያ ሲዝኖቹ የወጡት በጁን ነው። የመጀመሪያው በጁን 2022 ወጣ። ሽልማቱን ያገኘው ግን በጃንዋሪ 2024 ነው። በ2023 ደራሲዎችና ተዋንያን ሥራ አቁመው ስለነበር ሥነ ሥርዓቱ ተራዘመ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሲዝን ከታየ ወራት አልፈው ነበር። ሁለተኛው ሲዝን የተሸለመው ደግሞ በሴፕቴምበር 2024 ነው። በዚህ ጊዜ ተመልካቹ ሦስተኛውን ሲዝን ጨርሶታል፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ሦስተኛው አላረካንም። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ «በዚህ ደካማ ሲዝን እንዴት ይሸለማል?» አለ። የተሸለመው ግን ሌላ ሲዝን ነው። ምድጃውና ሰዎቹ አንድ ስለሆኑ በጭንቅላታችን ተደባለቀ እንጂ።

መራጩም ሰው ነው፤ እሱም ይደባለቅበታል። በ2024 «ዘ ቤር» 11 ሽልማት ወስዶ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአንድ ዓመት ለአንድ ኮሜዲ የተሰጠ ከፍተኛ ቁጥር አስመዘገበ። ምርጥ ኮሜዲ የሚለውን ትልቁን ሽልማት ግን «ሃክስ» ነጠቀው። አዳራሹም ደነገጠ። ለምን? የ«ሃክስ» ሦስተኛ ሲዝን በሜይ 2024 ነው የታየው፤ በመዝጊያው ጊዜ ልክ፣ ትኩስ ሆኖ። የ«ዘ ቤር» ሁለተኛ ሲዝን ግን የዓመት ትዝታ ሆኗል። በላዩ ላይ ሦስተኛው ሲዝን ድምፅ በሚሰጥበት ሰሞን ወጥቶ ስሜቱን አቀዘቀዘው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ማንም መራጭ እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። ግን ፕሮዲውሰሮች ትልልቅ ሥራዎቻቸውን በአፕሪልና በሜይ የሚያጎርፉት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

የ«ዘ ቤር» ሌላው ክርክር ከዚህ ይብሳል። ኮሜዲ ነው ወይስ ድራማ? ስለ ሐዘን፣ ስለ ወንድም ሞት፣ ኩሽና ውስጥ ስለሚፈነዳ ጭንቀት ነው። የ2024ቱ መድረክ መሪዎች ራሳቸው በዚህ ላይ ቀልደዋል። እና ለምን ኮሜዲ ተባለ? ምክንያቱም ምድቡን የሚመርጠው በዋናነት ፕሮዲውሰሩ ነው። ቀድሞ በ2015 የወጣ ሕግ ነበር። ግማሽ ሰዓት የሆነ ኮሜዲ፣ ሰዓት የሆነ ድራማ ይባል ነበር፤ ሌላ ምድብ የፈለገ ማመልከት ነበረበት። በኋላ ይህ ቀረ። አሁን ፕሮዲውሰሩ የት ብወዳደር ይሻለኛል ብሎ ያስባል።

የዚህ ሕግ ውጤት ግራ የሚያጋባበት ጊዜ ብዙ ነው። ኡዞ አዱባ በ«ኦሬንጅ ኢዝ ዘ ኒው ብላክ» አንዲት ሴት እስረኛን ነው የተወነችው። በ2014 በኮሜዲ ምድብ አሸነፈች። በ2015 ተከታታዩ ወደ ድራማ ተዛወረ፤ በዚያው ሚና በድራማ አሸነፈች። ጄኒፈር ኩሊጅም እንዲሁ ናት። «ዘ ዋይት ሎተስ» መጀመሪያ አጭር ተከታታይ ተብሎ ተወዳደረ፤ አሸነፈች። ቀጥሎ ድራማ ተባለ፤ ያቺኑ ሴት ሆና እንደገና አሸነፈች። «ሾጉን»ም በአንድ ሲዝን የሚያልቅ ተብሎ ነበር የወጣው። በሜይ 2024 ተጨማሪ ሲዝን ሊሠራ ነው ተባለና ወደ ድራማ ምድብ ገባ። ከዚያ 18 ሽልማት ወሰደ። በአንድ ዓመት ማንም ያን ያህል ወስዶ አያውቅም። «ሰክሴሽን» ስላለቀ የድራማ ሜዳው ክፍት ነበር።

«ሾጉን» በየትኛውም ምድብ ቢገባ ያሸንፍ ነበር ባይ ነኝ። አብዛኛው ንግግሩ ጃፓንኛ የሆነ ድራማ ትልቁን ሽልማት መውሰዱ ራሱ አስደሳች ነው። «ዘ ቤር»ን ከ«ሃክስ» ጋር ማወዳደር ግን ሁለቱንም ይበድላል። አንዱ ሊያስቅህ ነው የተሠራው፤ ሌላው ሊያስጨንቅህ። በዚህ ጉዳይ የሚናደዱት ተመልካቾች ትክክል ናቸው። ማሳቅ ከባድ ሙያ ነው። የኮሜዲ ሽልማት ለኮሜዲ መሆን አለበት።

ስለ ተዋንያን አንድ አጭር ነገር ልጨምር። አንድ ተዋናይ ሲታጭ አንድ ክፍል መርጦ ለመራጮች ያቀርባል። አንድ ጠንካራ ትዕይንት ዕድሉን ሊወስነው ይችላል። ኤሪን ዶሄርቲ በ«አዶለሰንስ» የታየችው ከአራቱ ክፍሎች በአንዱ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ታወራለች። ክፍሉ ካሜራው ሳይቋረጥ በአንድ ቀረጻ የተሠራ ነው። አሸነፈች። ልጁ ኦወን ኩፐርም በ15 ዓመቱ አሸነፈ። በምሽቱ ኤሚ ታሪክ በትወና ያሸነፈ ከእሱ ያነሰ ወንድ የለም። አሥር ክፍል ሙሉ በጸጥታ፣ በጥቂት በጥቂቱ ሰውን የገነባ ተዋናይ እንዲህ ካለው ጋር ሲወዳደር ይቸገራል። የሱ ጥበብ አንድ ክፍል ውስጥ አይገባም።

መራጮቹ ሁሉን አይተው ነው ወይ የሚመርጡት? እስቲ አስቡት። በ2022 ብቻ በአሜሪካ 599 ለአዋቂ የተሠሩ ባለ ድርሰት ተከታታዮች እንደታዩ ኤፍኤክስ የተባለው ጣቢያ ቆጥሯል። ሥራ ያለው፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ሌሊት ሲቀርጽ የሚያድር ሰው 599 ተከታታይ አያይም። ማንም አያይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ውድድር ጥሩ መሆን ሳይሆን መታየት ነው። ኩባንያዎች በሎስ አንጀለስ አውራ ጎዳናዎች ላይ ትልልቅ ማስታወቂያ የሚሰቅሉት፣ ለመራጮች ልዩ ማሳያና ውይይት የሚያዘጋጁት ለዚህ ነው። ድምፅ መግዣ አይደለም፤ ከ599ኙ ውስጥ «ይህን ልየው» የሚባለው ለመሆን ነው። ገንዘብ የሌለው ትንሽ ተከታታይ እዚያ ጋ ነው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው። እኛ ግን የሴፕቴምበሩን ሽንፈት ብቻ ነው የምናየው።

ሰው ያየውን ይመርጣል፤ የለመደውንም ደግሞ ይመርጣል። በ2019 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የመጨረሻ ሲዝኑን ይዞ መጣ። ያን ሲዝን ብዙ ወዳጆቹ ጠሉት። እንደገና ይሠራልን ብለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመዋል። ኤሚ ግን 32 ጊዜ አጭቶት 12 ሸለመው፤ ምርጥ ድራማም አለው። ተመልካቹ አበደ። ከ12ቱ አሥሩ ግን የተሰጡት ከዋናው ምሽት አንድ ሳምንት በፊት በሚካሄደው፣ ብዙ ሰው በማያየው የሙያዎች ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። ልብስ፣ ሜካፕ፣ የምስል ውጤት የመሳሰሉት። እነዚያ ባለሙያዎች ደግሞ ሥራውን ሠርተውታል። ታሪኩ ሲበላሽ ልብሱ አብሮ አይበላሽም። ምርጥ ድራማ የሚለው ላይ ግን ከተመልካቹ ጋር ነኝ። እሱ የሲዝኑ ሳይሆን የስምንት ዓመት ስንብት ሽልማት ነው።

የልማድ ነገር እንዲህ ነው። «ሞደርን ፋሚሊ» ከ2010 እስከ 2014 አምስት ዓመት በተከታታይ ምርጥ ኮሜዲ ተብሏል። ጁሊያ ሉዊስ-ድራይፈስ በ«ቪፕ» ስድስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። ካንዲስ በርገን በ«መርፊ ብራውን» አምስት ጊዜ ካሸነፈች በኋላ ከዚህ በላይ አታጩኝ ብላለች። ለሌሎች ቦታ መልቀቋ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አከብራለሁ።

እና አሁን እውነተኛው ቁስል። «ቤተር ኮል ሶል»። 53 ጊዜ ታጨ። አንድም አላሸነፈም። በኤሚ ታሪክ ይህን ያህል ታጭቶ ባዶ እጁን የተመለሰ የለም። እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ብታስታውሱ እንዴት እንደሆነ ይገባችኋል። ለምርጥ ድራማ ሰባት ጊዜ ታጭቶ የተሸነፈው በዘመኑ ግዙፎች ነው፤ ሦስቴ በ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»፣ አንዴ በ«ዘ ሃንድሜይድስ ቴል»፣ ሦስቴ በ«ሰክሴሽን»። የመጨረሻው ሲዝን በሜይ ቆመና በጁላይ ቀጠለ። ስለዚህ በሁለት የኤሚ ዓመታት ተከፈለ። የመጨረሻው ክፍል በኦገስት 2022 ታየ፤ ሽልማቱ የተሰጠው በጃንዋሪ 2024። አሥራ ሰባት ወር! በዚያ ላይ ጸጥ ያለ፣ ቀስ የሚል ሥራ ነው። ሬያ ሲሆርን ስድስት ሲዝን ሙሉ ዕጹብ ትወና አሳይታ በዚህ ሚና ለመጀመሪያ ጊዜ የታጨችው በ2022 ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ግን ማጽደቅ አይደለም። ሃምሳ ሦስት ጊዜ «ከምርጦቹ አንዱ ነህ» የተባለ ሥራ አንድም ጊዜ «ምርጡ ነህ» ካልተባለ ጉድለቱ የምርጫው ዘዴ ነው። የሁሉም ሁለተኛ ምርጫ የሆነ ተከታታይ አንድ ስም ብቻ በሚጻፍበት ምርጫ ዜሮ ነው። «ዘ ዋየር» ደግሞ እስከዚያም አልደረሰም። ከ2002 እስከ 2008 በአምስት ሲዝን የባልቲሞርን ከተማ ከፖሊሱ እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ከወደቡ እስከ ጋዜጣው አሳይቶናል። ዛሬ ከምንጊዜም ምርጥ ተከታታዮች ተርታ ይቆጠራል። ሁለት ጊዜ ብቻ ታጨ፤ ሁለቱም በድርሰት። አንዱንም አላሸነፈም።

አንዳንዴ ሽልማቱ ዘግይቶ ራሱን ያርማል። ጆን ሃም በ«ማድ ሜን» ለዋና ተዋናይነት ሲታጭ ኖሮ ያሸነፈው በ2015፣ በስምንተኛው ሙከራ፣ ተከታታዩ ካለቀ በኋላ ነው። ኖአ ዋይሊ በ1990ዎቹ በ«ኢአር» ሐኪም ሆኖ አምስት ጊዜ ታጭቶ አላሸነፈም። በ2025 እንደገና የሐኪም ካባ ለብሶ በ«ዘ ፒት» አሸነፈ። የ«ሰቨራንስ» ወዳጅ ብሆንም ያኔ አጨብጭቤያለሁ። ይህ ዓይነቱ ማካካሻ ግን ሌላ ሰው ይጎዳል፤ በዚያ ዓመት የተሻለ የሠራ ካለ ቦታው ተወስዶበታል። ካሳ መክፈል የሚያስፈልገው መጀመሪያ ሲበደል ነው።

ስለዚህ አካዳሚውን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መራጮች እጩዎቹን በደረጃ እንዲጽፉ ማድረግ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለው። ቀድሞ በኤሚ እንዲህ ያለ አሠራር ነበር፤ ከአሥር ዓመት ገደማ ወዲህ ነው የቀረው። ኦስካር አሥር ፊልሞችን ለምርጥ ፊልም ሲያወዳድር እስከ ዛሬ የሚጠቀመው ይህን ነው። ጥቂት ድምፅ ያገኘው ይወጣል፤ የመረጡት ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይተላለፋል። አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። በምሳሌዬ ውስጥ 180 ድምፅ አግኝቶ የተሸነፈው ተከታታይ የቀሩት 630 ሰዎች ሁለተኛ ምርጫ ቢሆን ያሸንፍ ነበር። «ቤተር ኮል ሶል» በአንድ ዓመት እንኳ በዚህ መንገድ ይወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው፣ ቁጥሩን ማሳወቅ ነው። የዚያኑ ሌሊት አይሁን፤ ከዓመታት በኋላም ይሁን። አሸናፊው በስንት እንዳሸነፈ፣ ሁለተኛው ማን እንደነበር ይነገረን። ያኔ ላናሳ ያሸነፈችው አራቱ ተከፋፍለው ይሁን ወይም በራሷ ኃይል በግልጽ ይታያል። ሬያ ሲሆርንም ስንት ሰው ከእሷ ጋር እንደነበረ ታውቃለች።